የሸማኔዋ መርገጫ

ባለቤቴን ኡስታ ቆቢልን፣ የመካኒኮቹን መምህር፣ በክብር ሊገድሉት ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን አልቀለድኩም። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፤ በሌለበት ግን የኔ ነውና "እሱ" ብለው ማንም አይቀየመኝ።

ነገሩ የጀመረው በረዶ በወረደበት ሰሞን ነው። ለሱብሒ ሰላት ሊነሳ ሲል ግራ ጎኑን መታውና ወደቀ። አንደበቱ ቶሎ ተመለሰለት፤ ግራ እግሩም እየተጎተተ መጣ። ግራ እጁ ግን ሄዶ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማችንን የማርጊላንን መኪኖች ሲፈታና ሲገጥም የኖረ እጅ ጭኑ ላይ ተጋድሞ፣ እሱም ራሱ የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ የተቀመጠበት ይመስል እያየው ይውላል።

ብርዱ ሲያልፍ ቆመ። ቆመና ወዲያው "ጋራዥ ልሂድ" አለ። ጋራዡን የሚያስተዳድረው ኢልሆም ነው፤ ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ሥራ ያስተማረው። አሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኗል። ሲበዛ ጨዋ ነው፤ ጉድ የሠራንም ይኸው ጨዋነቱ ነው። በየማለዳው በራችን ድረስ ይመጣና ኡስታን ደግፎ ይወስዳል። ከጋራዡ ውስጥ ከበሩ ራቅ፣ ከሁሉም ከፍ ያለውን መደብ በፍራሽና በትራስ አስጊጦ እዚያ ላይ ያወጣዋል። አረንጓዴ ሻይ በፒያላ፣ ጆሮ በሌላት ሲኒ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይቀዳለታል፤ ለክቡር ሰው እንደዚያ ነዋ! ሞልቶ መቅዳት "ጠጣና ሂድልን" ማለት ነው። የገባ ሁሉ መጀመሪያ ወደ መደቡ ይሄዳል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ ዱዓ ይለምናል። ባለቤቴም ይመርቃል። ጠዋት ይመርቃል፣ ከሰዓት ይመርቃል። ድሮ ሲሳደብ ነበር የሚውለው። እውነቱን ልናገር፣ ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ኢልሆም ሞተር ላይ ተደፍቶ ከአንድ ብሎን ጋር ይታገላል። "እምቢ አለኝ!" አለ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ከመደቡ ወረደ። ማንም ሳያየው ከዘራውን ተደግፎ እየጎተተ ደረሰ፤ ከዘራውን መኪናው ላይ አስደገፈና ከጠረጴዛው አንድ መፍቻ አነሳ። ፊቱን ብታዩት! ሠርግ የተጠራ ልጅ ይመስል ነበር።

ኢልሆም ዞር ሲል አየውና ደነገጠ። "ኧረ ኡስታ! እኛ እያለን? በሞትኩት!" አለና መፍቻውን በሁለት እጁ ተቀበለው፤ የወደቀ ዳቦ ከመሬት እንደሚያነሳ ሰው፣ እንዲያ በአክብሮት። ከሌላው ሠራተኛ ጋር ሆነው ግራና ቀኝ ይዘው ወደ መደቡ መለሱት። የባለቤቴ ቀኝ እጅ ግን እንደጨበጠ ቀረ። መፍቻው ከውስጡ ወጥቷል፤ ጣቶቹ አልተዘረጉም። ምሳውን አስቀምጬ ሳልናገር ወጣሁ። እኔ ሳልናገር ስወጣ ያወቀኝ ሁሉ ይፈራል።

ቤት ሲመጣ አይተኛም። ሐኪሙ መድኃኒት ጨመረለት፤ ወይ ፍንክች። "ሳይደክሙ እንቅልፍ ከየት ይመጣል?" ይለኛል ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። የቤታችንን የውሃ ቧንቧ ሁሉ በአንድ እጁ ፈታታው፤ ግማሹን መልሶ ገጠመው፣ ግማሹ ዛሬም ያንጠባጥባል። የስኳር አንኳሮችን በመጠን በመጠናቸው ይደረድራል። የልጃችን የሙኒሳ ልጆች እኛ ቤት ሲመጡ መጫወቻቸውን ደብቀው መግባት ለመዱ።

የካባው ወሬ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ኢልሆም አንድ ምሽት ፊቱ በርቶ መጣ። ከበሩ ጀምሮ፣ "እትዬ ሆሲያት፣ የምሥራች!" አለኝ።

"ምሥር ብላ!" አልኩት። ልጅ ተወለደለት ብዬ።

የመንገዳችን መካኒኮች መክረዋል። ለጁምዓ፣ ከሰላት በኋላ፣ ጋራዡ ውስጥ ትልቅ ድስት ፓላው፣ ሥጋና ካሮት የገባበት ሩዝ፣ ይሠራል፤ ኡስታ ቆቢል በሰው ሁሉ ፊት ካባ ይለብሳል። ከፋይ ካባ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ። የመንገዳችን ሽማግሌ ሐጂ ሶዲቅ ራሳቸው ያለብሱታል።

እንግዲህ በእኛ መንገድ ካባ የለበሰ ኡስታ ግራሶ አይነካም። የተጻፈ ሕግ የለም፤ ግን ካባ ለብሶ ወደ ሥራ የተመለሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ቢመለስ ያለበሱትን ማዋረድ ነው፤ "መጦር አቅቷቸው ሽማግሌውን ያሠሩታል" ያስብላቸዋላ! ካባ የለበሰ ይመርቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሠርግ ላይ ከላይ ይቀመጣል። ከዚያ ይሞታል።

ባለቤቴ ኢልሆምን አመሰገነው፣ መረቀው፣ እስከ በሩ ሸኘው። ተመልሶ ተቀመጠና ዳቦውን ቆርሶ መልሶ አኖረው።

"ለጁምዓ ነው በይ ቀብሬ" አለኝ።

"ሟርትዎን ይተዉ!"

"ሟርት አይደለም። ከአልጋ የተነሳሁት እኮ ለሥራ ብዬ ነበር። አሁን ለምን ብዬ ልነሳ?"

እኔ መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ ስቆጣ ደግሞ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ጠዋት ሻይ እንደቀረበ ጀመርኩ።

"ቆይ፣ በአንድ እጅ የማይሆነው ምኑ ነው?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም አይበሉኝ። ቧንቧዬን ፈተው ጨርሰው የለ እንዴ?"

"ቧንቧና ሞተር አንድ ነው?"

"ካልሆነ ያስረዱኛ! ደንቆሮ አደረጉኝ?"

ተበሳጨ። ሲበሳጭ ጥሩ ነው፤ ጉንጩ ይቀላል። የስኳር አንኳሮቹን እያስቀመጠ ያሳየኝ ጀመር። የሞተሩ ራስ፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉት፣ ከላይ ነው። እዚያ ውስጥ ቫልቮች አሉ፤ እያንዳንዱን ቫልቭ አንድ ጠንካራ ስፕሪንግ ይዞታል። ስፕሪንጉን ደግሞ ከላዩ የሚቆልፉት ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ሁለት ሽብልቆች ናቸው። ቫልቭ ለማውጣት ስፕሪንጉን በብረት ይጫኑታል፤ እንደተጫነ ሳለ በሌላው እጅ ሽብልቆቹን ይለቅማሉ። ሲመልሱም እንደዚያው ነው።

"አንዱ እጅ ይጫናል፣ ሌላው ይለቅማል" አለ። "ሌላውን ሥራ፣ ማጽዳቱን፣ ቫልቩን በአሸዋ ቅባት እያሹ ማስማማቱን፣ በአንድ እጄ እወጣዋለሁ። እሱን ግን አልችልም። የሚጫንልኝ ሰው ይቁም? ማን? ኢልሆም? ገና መፍቻ ሳነሳ 'በሞትኩት' የሚለኝ?"

እኔ ሸማኔ ነኝ። ነበርኩ ልበል፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው የተውኩት። ሐር ሲሸመን አንዱ እጅ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ ሌላው እጅ ይመታል። ድሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውስ? ለዚህ ሦስተኛ እጅ ከየት ይመጣል? ከታች ነዋ! ስንት ዘመን ሙሉ እግሬ መርገጫው ላይ ሲሠራ ኖሮ፣ ያን ያህል ስንጨነቅ ትዝ ያላለኝ ለምን እንደሆነ እንጃ።

"እግርዎስ?" አልኩት።

"ምን እግሬ?"

"ቀኝ እግርዎ። ሥራ ፈቶ ተቀምጦ የለ!"

ትኩር ብሎ አየኝ። እብድ ያየ ነው የመሰለው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጓሮ ሄደ፤ የድሮው የሽመና ዕቃዬ ዶሮዎች እያደሩበት ወደቆመበት።

"ሰንሰለት ያስፈልጋል" አለ በመጨረሻ።

እስከ ሐሙስ ድረስ ቤታችን ጭቅጭቅ ብቻ ሆነ። ደስ የሚል ጭቅጭቅ! ታናሽ ወንድሜ ቶልቂን በያጅ ነው፤ የብየዳ ማሽኑን በጋሪ ጭኖ መጣና ዶሮዎቹን ስናባርር ደረሰ።

"እትዬ፣ ሰውየውን በስተርጅና ሸማኔ ልታደርጊው ነው?"

"አንተን መካኒክ ከማድረግ ይቀላል። ያዝ በዚያ በኩል!"

የሽመናው ዕቃ የተሠራው የሐር ትል ቅጠሉን ከሚበላው ዛፍ ነው፤ እንደ ብረት የጠነከረ። ጨርቁ ይወጠርበት በነበረው ቦታ ላይ ወፍራም ጣውላ አጋደምን። ለሙከራ የሚሆን ቴስታታ አላጣንም፤ ባለቤቴ በወጣትነቱ ከተጣለ ዢጉሊ መኪና ያመጣውን እኔ የኮመጠጠ ጎመን በርሜል ላይ መጫኛ አድርጌው ነበር። አጠብኩትና ጣውላው ላይ አስቀመጥነው። ቶልቂን የአሮጌ አልጋ ብረት ቆረጠ፤ አንዱን ጫፍ ከኋላ በብሎን እንደ ማጠፊያ አሠረው፤ ከሌላው ጫፍ የብስክሌት ሰንሰለት በጣውላው ቀዳዳ አሳልፎ ከመርገጫው ጋር አገናኘው። መሀል ላይ አጭር ቱቦ ተበየደ፤ ስፕሪንጉን የሚጫነው እሱ ነው።

እኔ ብረቱ አጭር ይሁን አልኩ፤ ባለቤቴ ይርዘም አለ። "አጭር ከሆነ የዝሆን እግር ነው የሚያስፈልገኝ፤ አንቺ ሐር ስትጎትቺ የኖርሽ ሴት ብረት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" "እርስዎስ እግርዎ ስር ምን እንዳለ ያውቃሉ?" እንዲህ እንባባላለን። ሙኒሳ ልትጠይቀን መጥታ ከበሩ ላይ "ተጣሉ እንዴ?" ብላ ለቶልቂን ስታንሾካሹክ ሰማኋት።

ቱቦው ላይ ግራና ቀኝ መስኮት መክፈት ነበረበት፤ አለበለዚያ ሽብልቆቹ ውስጥ ሆነው በምን ይለቀማሉ? ባለቤቴ ቱቦውን በሞርሳው መንጋጋ አሠረና ሰጌቶውን፣ የብረት መጋዙን፣ በቀኙ ያዘ። ገርር፣ ገርር... ብረቱ ይንሸራተታል፣ ሰጌቶው ይዘላል። ላቡ በጆሮው ወረደ። ቶልቂን አላስቻለውም፤ "ጋሼ፣ አንዴ ልያዝልዎ" ብሎ እጁን ሰደደ። በመጥረጊያው እንጨት እጁን አልኩት።

"ሰብስብ እጅህን!"

"ኧረ እትዬ፣ ሊረዳ የመጣ ሰው ይመታል?"

"ልትረዳ አይደለም፤ ልትቀማው ነው።"

ወንድሜ ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ፤ ሄዶ ከወይኑ ጥላ ስር ተቀመጠ። መስኮቶቹ እስኪከፈቱ ድረስ ብዙ ቆየ። አንደኛው መስኮት ጠማማ ነው። ዛሬም ጠማማ ነው፤ ማንም እንዲያቃናው አልፈቅድም።

ከዚያ የመጀመሪያው ሙከራ ሆነ። ባለቤቴ ለሽመና የምቀመጥበት ረጅም በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ቫልቩ ወደ ታች እንዳይሸሽ ከስሩ እንጨት ደገፈበት፤ ሽብልቅ የሚለቅምበትን ባለ እንጨት ማግኔት በቀኙ ይዞ፣ ቢስሚላህ ብሎ መርገጫውን ረገጠ። ረገጠ ስል እባብ እንደሚገድል ሰው ነው። ሰንሰለቱ ጮኸ፣ ብረቱ ዘለለ፣ ስፕሪንጉ እንደ ፌንጣ ተስፈንጥሮ ድስቴን መታው። ሽብልቆቹ የት እንደገቡ አላህ ይወቅ። አንዷ ዶሮ አጎንብሳ አንድ ነገር ስትውጥ ቶልቂን አይቻለሁ ብሎ ማለ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩ፤ ለማሳቅ ነበር።

አልሳቀም። ማግኔቱን ጣውላው ላይ አስቀመጠና ከበርጩማው ወረደ። "ካረጁ አይበጁ አሉ። ተይው የሙኒሳ እናት። ካባውን እለብሳለሁ።"

አነጋገሩ አስፈራኝ። ቁጣ ቢኖርበት ደስ ባለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ቶልቂንን "ሂድ ዳቦ ግዛ" ብዬ አባረርኩት፤ ዳቦ ሞልቶ ነበር። ባለቤቴን ክንዱን ይዤ በርጩማው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ሌላ ወንበር አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ጫማዎን ያውልቁ።"

"ምን?"

"ሸማኔ በጫማ አይረግጥም። ያውልቁ።"

አወለቅሁለት። ባዶ እግሩን መርገጫው ላይ አስቀመጥኩና የኔን እግር ከላዩ አኖርኩ። እንዲህ ሆነን ስንት ዘመናችን! "አይርገጡት" አልኩት። "ይጫኑት። የልጅ አልጋ ሲወዘወዝ ያስታውሱ፤ ሙኒሳ ልትተኛ ስትል፣ ዓይኗ ሊከደን ሲል። ያን ጊዜ እግርዎ እንዴት ነበር? ዝቅ ይላል፣ ይቆያል፣ አይለቅም።"

"አልጋዋን የምትወዘውዢው አንቺ ነበርሽ።"

"እርስዎም ነበሩ፤ እኔ ስሸምን።"

እግሬ ስር እግሩ ቀስ ብሎ ወረደ። ሰንሰለቱ ተወጠረ፣ ብረቱ ዝቅ አለ፣ ስፕሪንጉ ሳይጮህ ተጨፈለቀ። "ይቆዩ እዚያው" አልኩት። ቀኝ እጁ በጠማማው መስኮት ገባ፤ ማግኔቱ ጫፍ ላይ አንድ ሽብልቅ ተሰቅሎ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው። እግሬን አነሳሁ። እግሩ ብቻውን ቆየ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ እየሳቀ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ? ቶልቂን ዳቦ ይዞ ሲመለስ ሁለታችንም እያለቀስን አገኘንና ዳቦውን አስቀምጦ ወጣ።

ሐሙስን ሙሉ ያንኑ ቴስታታ ሲፈታና ሲገጥም ዋለ።

ጁምዓ ጠዋት ሰዉ ለሰላት ሊታጠብ ወደየቤቱ ሲበተን ቶልቂን ዕቃውን በጋሪ ጭኖ፣ በአንሶላ ሸፍኖ ጋራዡ ውስጥ አስገባው። እኔም ተከትዬ ሄድኩና ከጓሮው ትንሽ በር ጀርባ ቆምኩ፤ የመንገዱ ሴቶች ካሮት የሚከትፉበት እዚያ ነው። ባለቤቴ ምን እንደሚያደርግ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ካባ ሊያለብሱት የመጡትን ሰዎች እምቢ ይበል? ነውር ነው። ለብሶ ይሥራ? እሱም ነውር ነው። ካሮቱን እየከተፍኩ ጠበቅሁ።

ወንዶቹ ከመስጊድ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት የሽመናውን ዕቃ ነው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሐር ልንሸምን ነው እንዴ?"

"ኢልሆም፣ ጋራዡን ሸጥከው?"

ኢልሆም ግራ ገብቶት ወደኔ በር ያያል። እኔ ካሮት እያየሁ ነው።

ሐጂ ሶዲቅ ንግግር ይወዳሉ፤ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ስለ ኡስታ ቆቢል ብዙ መልካም ነገር ተናገሩ፤ ሁሉም እውነት ነበር። ስንት መኪና ከሞት እንዳስነሳ፣ ስንት ሰው ሥራ እንዳስተማረ። "አሁን እረፍት ይገባዎታል" አሉት። ካባውን አለበሱት። የምር ያምር ነበር፤ ሰማያዊ ከፋይ፣ እጅጌው ረጅም፣ ጣቶቹን ሁሉ የዋጠ። ሰዉ እጁን ፊቱ ላይ አሳልፎ "አሚን" አለ። ኢልሆም ፒያላውን በሁለት እጁ አቀረበ፤ ወደ መደቡም መንገድ ለቀቁ።

ባለቤቴ ፒያላውን ተቀብሎ ቆመ። መደቡን አየ። ከዚያ ዞረና እግሩን እየጎተተ ወደ ሽመናው ዕቃ ሄደ። ፒያላውን ጣውላው ጥግ አስቀመጠ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ሊቀመጥ ፈለገ። በርጩማው!

በርጩማውን ረስቼዋለሁ! ቤት፣ ከወይኑ ስር ቀርቷል። ጋራዡ ውስጥ ያለው ጎማ ሲፈታ የሚቀመጡበት አጭር ዱካ ነው። እሱን ስቦ ተቀመጠበት፤ አገጩ ከጣውላው እኩል ሆነ። ከዚያ ላይ ሽብልቅ ሊያይ ቀርቶ እጁም አይደርስም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቶልቂንን ባገኘው ጸጉሩን እነጭ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ቢሆንም።

ወዲያው ሦስት አራት ሰው ተነሳ። "ኡስታ፣ ኧረ ይነሱ! ምን ፈልገው ነው? እኛ እናድርግልዎ!" ኢልሆም ክንዱን ያዘው።

"ልቀቀኝ" አለ ባለቤቴ። ድምፁ የድሮው ነበር። ኢልሆም እሳት እንደነካ ሰው ለቀቀው።

ቆመ። በቀኝ እጁ የካባውን ማሰሪያ ፈታ። እጅጌውን ከቀኝ እጁ ለማውጣት ጨርቁን በጥርሱ ያዘ፤ ከግራ ትከሻው ላይ ገፋው። ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ሊረዳው የደፈረ አልነበረም። ካባው ሲወርድ በአንድ እጁ አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው፣ ዱካው ላይ አስቀመጠው። ላዩ ላይም ተቀመጠ፤ ትከሻው ከጣውላው ከፍ አለ።

ድስቱ ሲንተከተክ ይሰማል። የክብር ካባ ላይ መቀመጥ! ሐጂ ሶዲቅ ጺማቸውን ይዘው ቆሙ።

"ኡስታ ቆቢል" አሉ፤ "ካባው እኮ... ለጀርባዎ ነበር።"

"አላህ ይስጥልኝ፣ ሐጂ። ጀርባዬን አልበረደኝም። የጎደለኝ ቁመት ነበር፤ ልክ በልኬ ሰጣችሁኝ።"

የሐጂ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው። "በልኬ አለ! ሰማችሁት? በልኬ!" ሲሉ የተያዘው ሳቅ ሁሉ ተለቀቀ። ያልሳቀው ኢልሆም ብቻ ነው።

"ኢልሆም" አለ ባለቤቴ፤ "የዚያችን ነጭ ዢጉሊ ቴስታታ አውርደሃል አሉ።"

"አዎ፣ ኡስታ።"

"አምጣው።"

ኢልሆም አልተንቀሳቀሰም። አሳዘነኝ። ካባ የለበሱትን ማሠራት ነውር፣ የኡስታን ቃል አለመስማትም ነውር፤ ልጁ በሁለት ነውር መሀል ቆሞ ላብ አጠመቀው። ሰዉ ሁሉ እሱን ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቴስታታውን አቅፎ አመጣ፤ ጣውላው ላይ አኖረው፤ የባለቤቴን ባዶ እግር መርገጫው ላይ ሲያይ ነገሩ ገባው።

"እኔ እኮ ያከበርኩዎ መስሎኝ ነው" አለ።

"አክብረኸኛል። አሁን ደግሞ ከብርሃኑ ዞር በልልኝ።"

ብረቱን አስተካከለ፣ ቱቦውን ስፕሪንጉ ላይ ገጠመ። ከዚያ ማግኔቱን ፈለገ፤ ኪሱን ዳበሰ። ማግኔቱ እኔ ጋ ነው፤ ከአንሶላው ጋር ጠቅልዬው ነበር።

"የሙኒሳ እናት!" ብሎ ተጣራ፤ ያ ሁሉ ወንድ በተሰበሰበበት። "ማግኔት!"

ድሮ ሥራ ላይ ኢልሆምን እንደዚያ ነበር የሚጠራው። ካሮት የተነካካ እጄን በሽርጤ ጠርጌ በወንዶቹ መሀል አለፍኩ፤ መንገድ ለቀቁልኝ። ሰጠሁት። ቀና ብሎም አላየኝም፤ ሥራ ላይ ነው።

እግሩ ቀስ ብሎ ወረደ። ቆየ። ማግኔቱ ገባ፣ ወጣ። ሽብልቁን የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ዓይኑ ፒያላው ላይ አረፈ። የማግኔቱን እንጨት በጥርሱ ያዘ፤ ክቡር ሻዩን መሬት ላይ ደፋው፤ ሽብልቁን ፒያላው ውስጥ ጣለው። ቅጭል አለ። ሁለተኛውም ቅጭል አለ።

ፓላው ቀረበ፣ ተበላ፣ ሰዉ መርቆ ተበተነ። እሱ አልተነሳም፤ ጉርሻውን ኢልሆም እያመጣለት አፉ ውስጥ ተቀበለ። ሥራው ቀርፋፋ ነበር፤ አንዴም ስፕሪንግ አምልጦት ተሳድቧል። ስድቡን ስሰማ "አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

ማምሻውን ኢልሆም አደረሰው። ካባውን ግን አላመጡትም፤ እዚያው ዱካው ላይ ቀርቷል። ባለቤቴ ቀኝ እጁ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ፍራሹ ላይ ጋደም አለ። ሻይ ልቅዳ ብዬ ዞር ስል፣

"ደከመኝ" አለ።

ከታመመ ወዲህ ያን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ፒያላውን ይዤ ስመለስ ተኝቷል።